ከትንሹ ወደ ትልቁ

ጥቅምት 5 ቀን

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጡ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔም አክስትሽም፣ ከጉልበቷ በቀር፣ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጉልበቷ ብርዱ ሲገባ የድሮ አመሉ ተነስቶበታል። አንቺ ያለሽበት አገር ብርዱ ከእኛ ይብሳል ይላሉና ሁለት ካልሲ ደርበሽ አድርጊ። የሰው አገር በሽታ አስታማሚ የለውም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አጎትሽ የመጋዘን ዘበኛ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ "የሙቀት መዝጋቢ" ተብሏል። ሹመት በዚህ ዕድሜ! ለዘይት ፋብሪካው የሚሄደው የጥጥ ፍሬ በጆንያ ሆኖ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሲቆይ ይሞቃል ስለሚባል ሰባት ረጃጅም ቴርሞሜትሮች ክምሩ ውስጥ ተሰክተዋል። ጠዋት ጠዋት መሰላል ይዤ፣ ከበሩ ጀምሬ፣ አንድ ሁለት እያልኩ አነባቸዋለሁ። አምስተኛው ያለው ክምሩ የመኝታ ክፍላችንን ግድግዳ ከተደገፈበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ስደርስ ከላይ ሆኜ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ፤ አክስትሽም ከአልጋዋ ሆና ሁለት ጊዜ ትመልስልኛለች። "ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን መጠናናት አሁን ጀመርን?" እያለች ትስቃለች።

ችግሩ ቅጹ ላይ ነው። ለሰባቱም የተሰጠው አንድ ሳጥን ብቻ ነው፤ "የዕለቱ ሙቀት" ይላል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሰባቱን ደምሮ ለሰባት ያካፍል ነበር፤ እኔም እንደዚያው እያደረግሁ ነው። ትናንት 29፣ 30፣ 28፣ 31፣ 40፣ 30፣ 29 ነበሩ። ድምሩ 217፣ ለሰባት ሲካፈል 31። ልክ ነኝ? አንቺ የተማርሽ ነሽና አርሚኝ።

እንዲሁ ለወሬ አይደለም የምጠይቅሽ። ቁጥሩ ከ33 ካለፈ ክምሩ ይፈርሳል፣ ጆንያው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፣ እርጥበት ያስገባው መዝጋቢው ነው ይባላል። የፊተኛው ሰውዬ የተሰናበተው በዚሁ ነው። ክፍሉን በሦስት ቀን ልቀቅ አሉት። ክፍሉ ከሥራው ጋር መሆኑን ታውቂያለሽ። እኔ ይህችን የታመመች ሴት ይዤ የት እገባለሁ?

ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ትንሽ ጎብኝቶት ነበር፤ ደፍኜዋለሁ፣ እሱ አያስጨንቅሽ። ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ፣ አዲሱ ሹም


ጥቅምት 18 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የአክስቴ ጉልበትስ? ፈጣሪ ብርዱን ያቅልላት። እኔ ደህና ነኝ፤ ካልሲውንም ደርቤያለሁ።

ሹመትዎን ለልብስ ማጠቢያ ቤታችን ፎጣ ክፍል በሙሉ አወራሁ። እንደሚያውቁት ቀኑን ሙሉ ከማድረቂያ የሚወጣ ፎጣ እያጠፍኩ እቆልላለሁ፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ትምህርት አለኝ። ስሌትዎ ልክ ነው፤ አንድም አልሳቱም። ጠቤ ከዘዴው ጋር ነው። ደምሮ ማካፈል አማካይ ይባላል፤ ባለፈው ሳምንት ግን አስተማሪያችን ጉዱን አወጣው።

ይኸውልዎ። በእኛ ጠረጴዛ አምስት ሴቶች ነን። ዕድሜያችን 21፣ 22፣ 23፣ 24 እና 70 ነው። ሰባዋ አለቃችን ናት፤ እማማ ፎጣ እንላታለን። ድምሩ 160፣ ለአምስት ሲካፈል 32። ታዲያ ከመካከላችን ሠላሳ ሁለት ዓመት የሆናት ማን አለች? ማንም! አንዲት አሮጊት አራት ልጃገረዶች ጎትታ አስረጀች። መላው ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መሃል ላይ የቆመውን ማንሳት ነው፤ እሱን የመሃሉ ቁጥር እንበለው። የእኛ 23 ነው፤ እውነትም ጠረጴዛችን እሱን ይመስላል። እማማ ፎጣ ሰባ ብትሆን መቶ ሰባ ብትሆን የመሃሉ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

የእርስዎንም ደረደርኩት፤ 28፣ 29፣ 29፣ 30፣ 30፣ 31፣ 40። ከሰባት አራተኛው፣ መሃል ላይ ያለው፣ 30 ነው። ሁሉንም ከፍ ያደረገችብዎ ያቺ አርባ ብቻዋን ናት። አይቆጡኝና መነጽርዎ ሳያሳስትዎ አይቀርም፤ 30ን 40 ብለው ቢያነቡ አይገርመኝም። ቅጹ አንድ ቁጥር ይላል እንጂ በምን መንገድ ይገኝ አይልም አይደል? እንግዲያው የመሃሉን ይጻፉ።

ከዛሬ ጀምሮ ደርድረው ይላኩልኝ፤ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። ድሮ የማባዣ ሠንጠረዥ ሲያስጠኑኝ የቆነጠጡኝን አልረሳሁም!

ያሳደጉኝ እጆችዎን እስማለሁ፤
ሚጡ


ኅዳር 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለአስተማሪዬ፤

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። ያስተማሩሽን ሁሉ ፈጣሪ ይባርክ፤ የቆነጠጥኩሽን ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በምን ቀን መሰለሽ! የዚያን ዕለት ጠዋት ደመርኩ፣ 238 ሆነ። ለሰባት ሳካፍለው 34። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ሦስቴም ያው ነው። የአክስትሽ አልጋ ግቢ ውስጥ ተጥሎ ታየኝ። ቅጹን ባዶውን ኪሴ ከትቼ፣ ቢሮ ምን ብዬ እንደምገባ እያሰብኩ፣ ትንሽ ለመቆየት መጀመሪያ ፖስታ ቤት ጎራ አልኩና ደብዳቤሽን አገኘሁ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደረደርኩ፤ 29፣ 29፣ 30፣ 30፣ 31፣ 32፣ 57። መሃሉ 30! ሠላሳ ጽፌ ገባሁ።

የመጋዘኑ ኃላፊ አይተው "እንዲህ ነው እንጂ መዝጋቢ" አሉኝ። በዚህ ቤት ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው። ሃምሳ ሰባቷን አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ አንቺው እንዳልሽው ጎታች አንድ አይጠፋም።

ሌላም የምሥራች አለኝ። የክፍላችን ግድግዳ ዘንድሮ ለብ ብሏል። አክስትሽን ከበሩ ንፋስ አንስቼ አልጋዋን ግድግዳው ሥር አስጠጋሁላት፤ ጉልበቷ ወዲያው ተፈታ። ትናንት ያለ ዱላ እስከ ውጭ ድረስ ሄደች ብልሽ ታምኚያለሽ? ብቻ አፍንጫዋ ሥራ ፈትቷል፤ "የሚቆላ ነገር ይሸተኛል" ትላለች። ጎረቤት እየቆላ ይሆናል ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ሳትዘገዪ ጻፊልኝ፤ ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ልቤ ይረጋል።

አጎትሽ


ኅዳር 16 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጋሼ፣ ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ደብዳቤዎንም መልሼ ያነበብኩት ዛሬ ነው። አክስቴ ያለ ዱላ ሄደች ሲሉኝ ከደስታ ብዛት ፎጣው መሃል ጮህኩ። ግድግዳውን ያሞቀላት ፈጣሪ ይመስገን።

ፈተናውን አለፍኩ። ምሳሌ ስጡ ሲሉን ማንን እንደሰጠሁ ይገምቱ። ሰባቱን ቁጥሮችዎን! አማካዩ 34፣ የመሃሉ ቁጥር 30፣ ስለዚህ 57 ከቁጥር የማይገባ እንግዳ ነው ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። አስተማሪው "በጣም ጥሩ" ብሎ ከሥሩ ግን "ይህ 57 ከየት መጣ?" የሚል ጥያቄ ጽፎ ግማሽ ነጥብ ቀነሰብኝ። ከየትም ቢመጣ ምን አገባው? እስካሁን ያናድደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልዎ። ምናልባት አንዱ ቴርሞሜትር ቢበላሽና ቁጥሮቹ ስድስት ቢሆኑ መሃል ላይ የሚቆሙት ሁለት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ሁለቱን ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፤ እሱም የመሃሉ ቁጥር ነው።

ለማንኛውም መነጽርዎን ያሳዩ፤ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ብቻውን ሲወጣ ጥፋቱ የዓይን ነው። ወይስ በየቀኑ እንደዚያው ነው? ቀንሶ ያውቃል? ይህን በሚቀጥለው ይንገሩኝ።

እጅ ነሺ ልጅዎ፤
ሚጡ


ኅዳር 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጡ፤

እንደምን ከርመሻል? ፈተናሽን በማለፍሽ ደስ ብሎናል። የቀነሰብሽን ግማሽ ነጥብ እኔ ጨምሬልሻለሁ።

እንዳልሽኝ መነጽር አሠራሁ። አሁን የጉንዳን እግር ይታየኛል። የዛሬዎቹ እነዚህ ናቸው፤ 29፣ 29፣ 30፣ 30፣ 33፣ 35፣ 66። መሃሉ 30። መደመሩን ትቼዋለሁ፤ ደምሬ ምን ላተርፍ? ቀንሶ ያውቃል ወይ ስላልሽው ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ወረቀት ስላለቀብኝ ባለፈው ሳምንት መዝገቤ ጀርባ ላይ ነው የምጽፍልሽ። ዞር አድርገሽ እንዳታዪው፤ ሳልደረድረው የጻፍኩት ዝብርቅርቅ ነው፣ ታፍሪብኛለሽ።

አክስትሽ እሷም ቃል አለኝ ብላለች። የምትለውን እጽፋለሁ፤

"ሚጡዬ፣ እንዴት ነሽ ልጄ? ራሴን ያመኛል። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ስነሳም ያጥወለውለኛል። ግድግዳው መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን መዳፌን አላስቀምጥበትም። ክረምት ጣሪያው ያፈሰሰው እዚሁ ከእኔ ራስጌ በላይ ነው። አጎትሽ በእርጥቡ ጆንያ ላይ ደረቅ ጆንያ ጭኖበት ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔን 'አፍንጫሽ ነው' ይለኛል። አንቺን ይሰማሻልና ንገሪው።"

ይኸው፣ አንድም ሳላጎድል ጻፍኩ፤ መልሰህ አንብብልኝ ብላ አስነብባኛለች። አንቺ ግን ይህን ለማንም አታውሪ። የጣሪያው ነገር ከታወቀ አበቃልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 13 ቀን

ጋሼ፤

ሰላምታውን ይለፉልኝ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ እንደገባ፣ ከዚህ በታች ያለውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ አክስቴን ይዘው ከክፍሉ ይውጡ። ልብስ አያንሱ። ክምሩን ብቻዎን እንዳይነኩት፤ እሳት አጥፊ ይጠራ። ክምሩ ከውስጥ እየነደደ ነው፤ አክስቴን ራሷን የሚያማትና እንቅልፍ የሚጥላት ጢሱ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው የገባኝ። ከማድረቂያው በትኩሱ አውጥተን የቆለልነው ፎጣ ነበረ። እማማ ፎጣ ስታልፍ ቆም ብላ አሸተተች። "ንኩት" አለችን። አራታችንም በየበኩላችን ነካነው፤ ቀዝቃዛ ነው አልናት። እሷ ክንዷን እስከ ብብቷ መሃሉ ውስጥ ሰደደችና ክምሩን ገለበጠችው። የመሃሉ ፎጣ ጠቁሯል። ነፋስ ሲያገኘው ፍም ሆነ። "አርባ ዓመት ፎጣ ቆልያለሁ" አለች፣ "ሁልጊዜ ከውስጥ ነው የሚጀምረው። እናንተ አራት ቀዝቃዛ ቦታ ነክታችሁ ምን ነገራችሁኝ?" ከሒሳቡ ያወጣኋት ሴት ናት ሕንፃውን ያዳነችው።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዎን ዞር አደረግሁት። እንዳታዪው ያሉኝን አየሁት። አምስት ቀን ነው የመዘገቡት፤ በአምስተኛው መስመር ላይ 61፣ 62፣ 63፣ 64፣ 65። አንድም ቀን አልቀነሰም። ግራና ቀኙ ያሉት አራተኛውና ስድስተኛውም መከተል ጀምረዋል። የጥቅምቱን ደብዳቤ አወጣሁ፤ ያቺ አርባም አምስተኛ ላይ ነው የተጻፈችው። የእርስዎ ዓይን ምንም አልነበረውም ጋሼ። እኔ ነኝ ደርድሩ ያልኩዎ። ስንደረድር ቁጥሩ እንጂ ቦታው አይታይም፤ እኔም የት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አስተማሪው ጠይቆኝ ነበር፤ ተናደድኩበት። አምስተኛው አክስቴን የሚያንኳኩላት ቦታ ነው።

አማካዩ 36 ይል ነበር፤ ክምሩ ይፍረስ ይል ነበር። እኔ የሰጠሁዎ ቁጥር ነው ዝም ያሰኘው። የመሃሉ ቁጥር አብዛኞቹ ደህና መሆናቸውን ነው የሚነግረን፤ አክስቴ የተኛችው ግን ከአምስተኛው ጋር ነው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ቢሮው ደወልኩ። ኃላፊው አነሱት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጣሪያውንም ጭምር፣ ይቅር ይበሉኝ። ታግሰው ሰሙኝና "ቅጹ እዚሁ ፊቴ ነው፤ ሠላሳ ይላል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሠላሳ ነው። አንቺ ባሕር ማዶ ነሽ፣ እኔ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ማን ያውቃል?" አሉኝ። እባክዎ ለአጎቴ ይንገሩልኝ አልኳቸው። "ሰላምታሽን አደርሳለሁ" ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ስምንት ጊዜ ደወልኩ፤ አይነሳም፤ ሌላ የማውቀው ስልክ የለም።

ደብዳቤ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። ቀኖቹን እየቆጠርኩ ነው። ክፍሉ ይቅር ጋሼ፣ ሥራውም ይቅር። እለምንዎታለሁ፣ ውጡ።

ሚጡ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለማትረሺን ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጡ፤

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅሽ። ትናንት አኮራሽኝ! ኃላፊው ሲያልፉ ጠሩኝና "የእህትህ ልጅ ከባሕር ማዶ ደውላ ስለ ሙቀቱ ተጨንቃ ነበር፤ ሠላሳ ነው ብዬ አረጋጋኋት" አሉኝ። ባሕር አቋርጠሽ ስለ እኔ ቁጥር ጠየቅሽ! ዘበኞቹ ሁሉ ሰሙ። ስለ ጣሪያው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ አደራዬን ጠብቀሻል ማለት ነው።

አሁን ተረጋግቻለሁና እውነቱን ልንገርሽ። ቀንሶ ያውቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አያውቅም። አንድ አንድ ጠዋት መሰላሉ ላይ ስወጣ እፈራ ነበር። ያው አንዱ ነው፣ አመለኛው፣ በየቀኑ ሽቅብ የሚለው። ሰሞኑን ቀዩ መስመር ጫፍ ደርሶ መሄጃ አጥቶ ቆሞ ነበር። ዛሬ ጠዋት ባየው መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። ነቅዬ ጣልኩት። ዘንጉ እጄን ለበለበኝ እንጂ በእውነት እፎይ አልኩ። አሁን የሚያስፈራኝ ቁጥር የለም።

ስድስት ቀሩ ማለት ነው። ያስተማርሽኝን አልረሳሁም። ደረደርኳቸው፤ 29፣ 29፣ 30፣ 30፣ 36፣ 38። መሃል ላይ ሁለቱ ሠላሳዎች ናቸው። ስድሳ፣ ለሁለት ሲካፈል ሠላሳ። እንዴት ነኝ? ነጥብ ትቀንሺብኛለሽ?

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። ማለቴ፣ ትናንት ነው ያለችው። "አልጋዬን ወደ በሩ መልስልኝ፣ ብርዱ ይሻለኛል" ስትለኝ ነበር፤ እኔም ጉልበትሽን አስቢ እያልኩ ሳባብላት ሰነበትኩ። አሁን እሺ ብያለሁ። ቴርሞሜትሩ ባይኖርም ዛሬ ጠዋት እዚያ ቦታ ስደርስ እንደ ልማዴ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። አልመለሰችልኝም። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ አንኳኳሁ። ተኝታለች መሰለኝ፤ ከሰሞኑ እንቅልፍ በጣም ይወስዳታል። ይህን እየጻፍኩልሽ ያለሁት ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው፤ እስካሁን አልተነሳችም። ትረፍ ብዬ አልቀሰቀስኳትም። አልጋውን ነገ እመልስላታለሁ።

አጎትሽ